የዋንዛው አልጋ ለምን ዱቄት ያፈሳል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጎንደር ነው፤ አዘዞ አካባቢ። ባለፈው ዓመት አንድ እንጨት ቤት የዋንዛ አልጋ አሠራን። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሥር እንደ ዱቄት የላመ ነገር ማየት ጀመርኩ። ጠርጌው አድራለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ አለ። ጎኑ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ። ጎረቤቶች ምስጥ ነው ይላሉ። ባለቤቴ ናፍጣ እንቀባው ይላል። አናጺው ደግሞ እንጨቱ ደረቅ ነበር ብሎ ይምላል። ልጄ ሌሊት ሰውነቴን ይበላኛል ትላለች። የቤታችን ጣሪያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጓዳ ውስጥም እህል አለን። ወደዚያ ይዛመታል? አልጋውን እንጣለው?»

እህቴ፣ አጣዳፊውን አስቀድሜ ልመልስ። አልጋውን አይጣሉት። ናፍጣም አይቀቡት። ዱቄቱን የምታፈሰው ትንሽ ጥንዚዛ እህልዎን አትነካውም። የቀረውን ግን ሰፋ አድርጌ ልጽፍልዎ እፈልጋለሁ። የዚህችን ፍጥረት አኗኗር ካወቁ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ራስዎ ይደርሱበታል። አናጺዎም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የነገሩኝ ምልክት ሁሉ ወደ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ያመራል። በሳይንስ ወገኗ ሊክተስ ይባላል። በዓለም ላይ በሰፊው የተሰራጨችው ዝርያ ሊክተስ ብሩኔየስ ናት፤ በዚህ የዝርያ ስም የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። በአፍሪካ ሊክተስ አፍሪካኑስ የምትባል የቅርብ ዘመድም አለቻት። የሁለቱ አኗኗር በጣም ስለሚቀራረብ ለአልጋዎ የትኛዋም ብትሆን ለውጥ የለውም። ሰዉ በጥቅሉ ነቀዝ ይላታል። እኔም የእንጨት ነቀዝ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ የምስጡን ነገር እንጨርስ። ቤት የሚያፈርሰው የተለመደው ምስጥ ከአፈር ተለይቶ መኖር አይችልም። በግድግዳና በምሰሶ ላይ የጭቃ መስመር ሠርቶ ይመጣል። የበላውንም እንጨት ውስጡን አፈር ይሞላዋል። ንጹሕ ዱቄት ወለል ላይ አያራግፍም። የእንጨት ነቀዝ ግን ከአፈር ጋር ጉዳይ የላትም። ምልክቷ ክብ ቀዳዳና ዱቄት ነው። ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ዱቄቱን በሁለት ጣትዎ መካከል አሸት ያድርጉት። የሕፃናት ፓውደር ያህል ከላመ እና ምንም የሚሻክር ቅንጣት ከሌለው እሷ ናት። አሸዋ አሸዋ ካለ ሌላ የጥንዚዛ ዓይነት ነው። ስለዚያኛው ወደ ኋላ አነሳለሁ።

ራሷን ማየት ከፈለጉ ማታ ይጠብቋት። ቀን ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ ሲመሽ ትወጣለች፤ መብራትም ይስባታል። ጠዋት የመስኮት ደፍ ላይ ሞታ ልትገኝም ትችላለች። ቀጭንና ጠፍጣፋ ናት። ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ርዝመቷ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የአንቴናዋ የመጨረሻዎቹ ሁለት አንጓዎች ወፈር ብለው ትንሽ ዱላ ይመስላሉ። ጭንቅላቷ ከላይ ሲያዩት በግልጽ ይታያል። ይህ ቀላል የሚመስል ምልክት ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ እንጨት ቦርቧሪ ዘመዶቿ ጭንቅላታቸውን ከደረታቸው በታች ደብቀው ነው የሚሄዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእንጨት ነቀዝ እንጨት ውስጥ ትኖራለች፤ እንጨትም ታኝካለች። የምትኖርበት ምግብ ግን እንጨቱ ራሱ አይደለም። ምግቧ ስታርች ነው። ዛፍ በቅጠሉ የሠራውን ምግብ በሙሉ ወዲያው አይጨርሰውም። የተረፈውን ስታርች አድርጎ በግንዱ ሕያው ሕዋሳት ውስጥ ያስቀምጣል። ቅጠል የሚያረግፍበትና አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት ጊዜ ሲመጣ ከዚያ ያወጣል። ዛፉ ድንገት ሲቆረጥ ያ ጎተራ ሳይነካ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ሊክተስ የምትፈልገው እሱን ነው።

የእንጨቱን ዋና አካል፣ ማለትም ሴሉሎስ የሚባለውን፣ እጯ መፍጨት አትችልም። በአፏ ገብቶ እንዳለ በኋላዋ ይወጣል። ዱቄቱ ያን ያህል የሚበዛው ለዚህ ነው። ከአልጋው ሥር የሚጠርጉት ነገር በአብዛኛው እጯ አኝካ፣ ስታርቹንና ትንሽ ስኳርና ፕሮቲን ወስዳ፣ የጣለችው እንጨት ነው። ጥቂት ምግብ ለማግኘት ብዙ እንጨት ማላመጥ አለባት።

ይህ አንድ እውነት ብቻ ብዙ ነገር ይፈታል።

ለምሳሌ አልጋው አንድ ጎኑ ተበልቶ ሌላው ደኅና የሆነው ለምንድን ነው? ዋንዛ ሲሰነጠቅ ሁለት ቀለም አለው። መሐሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ወደ ቅርፊቱ የቀረበው ዳር ግን ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ነው። የመሐሉ ክፍል ሕዋሳቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስታርች የለውም። ስታርቹ ያለው በነጣው ዳር ነው። አሁኑኑ ሄደው ቀዳዳዎቹን ይዩ። ነጣ ባለው እንጨት ላይ ተሰብስበው ያገኟቸዋል። አልፎ አልፎ ጠቆር ባለው ላይ ቀዳዳ ቢያዩ ከነጩ የመጣች ጥንዚዛ መውጫ ፈልጋ አልፋበት ነው እንጂ እዚያ አላደገችም።

አናጺውም አልዋሸም። እንጨቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሊክተስ ደረቅ እንጨት አያስቸግራትም። የውኃ መጠኑ ከ8 እስከ 30 በመቶ አካባቢ በሆነ እንጨት ውስጥ ታድጋለች። ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ክልል ውስጥ ነው። እንዲያውም በፍጥነት የደረቀ እንጨት የበለጠ ይመቻታል። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ስለሆነ ላብራራው። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም የግንዱ ሕዋሳት ወዲያው አይሞቱም። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየተነፈሱ ስታርቹን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ግንዱ ተሰንጥቆ በፀሐይ ወይም በማድረቂያ ምድጃ ቶሎ ሲደርቅ ሕዋሳቱ ቶሎ ይሞታሉ። ስታርቹም እንዳለ ይቀራል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር የእንጨት መጋዘኖች በሊክተስ ተጥለቅልቀው ነበር። እንጨቱ በጣም ተፈላጊ ስለነበር ነጩ ክፍል ሳይለይ በጥድፊያ ይደርቅና ይከማች ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው ተመራማሪዎች የስታርቹን ነገር ደረጃ በደረጃ ያረጋገጡት።

የእናቲቱ ሥራ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ነው። እንቁላል ከመጣሏ በፊት እንጨቱን ትቀምሳለች። በቀጥታ ትርጉሙ ነው የምለው። በአፏ እየነከሰች በእንጨቱ ገጽ ላይ ትናንሽ ጭረቶች ትተዋለች። ስታርቹ በቂ ካልሆነ ትታው ትሄዳለች። በብዙ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ መጠን 3 በመቶ ገደማ ነው። ከወደደችው ደግሞ ያው ጭረት የእንጨቱን የውኃ ቱቦዎች አፍ ይከፍትላታል። እንጨት ውስጡ እንደታሰረ የመቃ እሽግ ነው፤ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። እሷም ረጅምና ቀጭን የእንቁላል መጣያዋን በቱቦው ውስጥ አስገብታ እንቁላሏን ወደ ውስጥ ጠልቃ ታስቀምጣለች። ገጹ ላይ ምንም አይታይም። ሰው አልጋውን ሲገዛ ቢያገላብጠው አንድም ምልክት አያገኝም።

ከዚህ ሌላ ሕግ ይወጣል። ቱቦ የሌለው እንጨት አይጠቃም። ጥድና ዝግባ እንደ ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ዓይነት ሰፊ ቱቦ የላቸውም፤ አሠራራቸው የተለየ ነው። ስለዚህ ሊክተስ ጥድና ዝግባን አትነካም። ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ውስጥም ቱቦአቸው ለእንቁላሏ በጣም የሚጠብባት ያመልጧታል።

እንቁላሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እጯ መጀመሪያ የእንቁላሉን ቅሪት ትበላለች። ከዚያ የእንጨቱን የቃጫ አቅጣጫ ተከትላ መቦርቦር ትጀምራለች። እያደገች ስትሄድ ሰውነቷ ይቆለመማል። ነጭ ናት፤ አፏ አካባቢ ብቻ ቡናማ ነው። ከኋላዋ ያለው መንገድ በዱቄት ይሞላል፤ እሷ ወደፊት ትሄዳለች። ይህ ጊዜ ረጅሙ ነው። ሙቅ በሆነ ቦታ ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ሦስት አራት ወር ሊበቃት ይችላል። በቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ትቆያለች። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቆላ ከሆነው መተማ ይልቅ እናንተ ዘንድ ዝግ ብላ ነው የምታድገው።

እጯ ከጠገበች በኋላ ወደ እንጨቱ ገጽ ትጠጋለች። እዚያ ትንሽ ክፍል አበጅታ ጸጥ ትላለች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልኳ ተለውጦ ጥንዚዛ ትሆናለች። ከዚያ ቀሪውን ስስ ግድግዳ ነክሳ ትወጣለች። ዱቄቱን ወደ ውጭ የምትገፋው ያኔ ነው። እርስዎ ያዩት ቀዳዳ መውጫ እንጂ መግቢያ አይደለም። በቀዳዳው ላይ መድኃኒት ማፍሰስ ብዙ የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ባለቤቷ ወጥታለች። ያልወጡት እህቶቿ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ በዱቄት በተደፈነ ቦይ ውስጥ ናቸው። መድኃኒቱ አይደርስባቸውም።

ይህች ፍጥረት በደረቅ እንጨት ላይ ብቻዋን አይደለም የምትኖረው። በሰውነቷ ውስጥ፣ ከአንጀቷ አጠገብ፣ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ልዩ ቦታ አላት። እናት ለልጅ በእንቁላሉ በኩል ታስተላልፋቸዋለች። ታይሮሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠሩላታል። ያለ እሱ ቅርፊቷ አይጠነክርም፤ ቀለሙም አይጠቁርም። ቅርፊቷ ካልጠነከረ ደግሞ የሰውነቷ ውኃ በቶሎ ያልቃል። እንጨት ውስጥ ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው። እነዚህ ረዳቶች ባይኖሯት እንዲህ ባለ ደረቅ ቦታ መኖር አትችልም ነበር።

ከቤት ውጭ ሥራዋ ሌላ ነው። የሞተ ቅርንጫፍ፣ የወደቀ ግንድ፣ ነፋስ የገነጠለው ዛፍ ላይ ትሰፍራለች። ከእሷ በኋላ ፈንገስና ሌሎች ነፍሳት በቦዮቿ ይገባሉ፤ እንጨቱ ወደ አፈር ይመለሳል። በጎንደር ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ የደረቀ ቅርንጫፍ ቢሰብሩ የእሷን ወይም የዘመዶቿን ሥራ ያገኛሉ። እዚያ ማንም ሊነካት አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ያ ዓይነት እንጨት መኝታ ቤት ሲገባ ነው።

አሁን ስለ ልጅዎ። ሊክተስ ሰው አትነክስም፤ በሽታም አታስተላልፍም። ሆኖም ማሳከኩን ችላ አልልም። መጀመሪያ ትኋን ይፈልጉ፤ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መጋጠሚያ በባትሪ ይዩ። ትኋን ከሌለ ሌላ ነገር አለ። የእንጨት ነቀዝን እጭ የሚያድኑ በጣም ትናንሽ ፍጥረታት አሉ። አንዷ ፒየሞተስ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ፣ ከቅማል እንኳ በጣም የምታንስ ጥገኛ ናት። ሌላዋ ስክሌሮደርመስ የምትባል ጉንዳን የምትመስል ጥቃቅን ተርብ ናት። ሁለቱም እጯን ፍለጋ መጥተው ሰው ሊነክሱ ወይም ሊወጉ ይችላሉ። ቆዳ ላይ ቀይ የሚያሳክክ ነጠብጣብ ይወጣል። ነቀዙ ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። እስከዚያው ልጅቷ ሌላ ቦታ ትተኛ፤ ነጠብጣቡ ካልቀነሰም ሐኪም ይየው።

የሊክተስ ጠላቶች ሁሉ ግን እኛን አይነኩም። ታርሶስተነስ የሚባል ቀጭን ጥቁር ጥንዚዛ አለ፤ ጀርባው ላይ እንደ መቀነት ያለ ነጭ መስመር ይታያል። እሱም እጩም ነቀዝ ይበላሉ። አልጋው ላይ ሲሄድ ካዩት አይግደሉት። ለእርስዎ ነው የሚሠራው።

ስለ እህሉ አጭር ነው። ጓዳ ያለውን ስንዴ ወይም በቆሎ የሚበላው ነቀዝ ሌላ ነው። ሪዞፐርታ ዶሚኒካ የምትባል የእህል ቦርቧሪ ከሊክተስ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ትመደባለች፤ እሷም ዱቄት ታበዛለች። ግን ሊክተስ ከአልጋ ወርዳ ጎተራ አትገባም።

የጣሪያው ነገር ትንሽ ያሳስባል፤ ብዙ ግን አይደለም። ብዙ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ነጩ ክፍላቸው ለሊክተስ ይጋለጣል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ አገር በሆነችው፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ በሊክተስ ሊጠቃ የሚችል እንጨት ሽያጭን እስከ መቆጣጠር ደርሳ ነበር። በእናንተ ቤት የሚወስነው የጣሪያው ዕድሜ ነው። ስታርች በጊዜ ብዛት እየመነመነ ይሄዳል። ከአሥር ዓመት በላይ በቆየ እንጨት ላይ አዲስ የሊክተስ ጥቃት ብዙም አይታይም። ጣሪያችሁ የቆየ ከሆነ አትጨነቁ። አዲስ ከሆነ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቀና ብላችሁ ቀዳዳና ዱቄት መኖሩን ማየት ይበቃል። ማድ ቤት ውስጥ ጭስ የሚያገኘው ማገርማ የተሻለ ዕድል አለው። ጥቀርሻው ገጹን ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ ያቆየሁትን የሚሻክረውን ዱቄት ላንሳ። ጎንደር የድሮ እንጨት ያለባት ከተማ ናት። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በጥንታዊ ቤቶች፣ ከአያት በወረሱት ሳጥንና ወንበር ላይ ዱቄት ከታየ ሊክተስ ናት ብሎ መቸኮል አይገባም። ያረጀ እንጨት ለእሷ ምግብ የለውም። አኖቢድ የሚባሉት ጥንዚዛዎች ግን ስታርች አይጠብቁም፤ አሮጌ እንጨትም ይበላሉ። የእነሱ ዱቄት ነው አሸዋ አሸዋ የሚለው። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለ የተሳለ እንጨት ባለበት ቦታ ደግሞ ማንም በራሱ ፈቃድ ምንም ነገር መቀባት የለበትም። ቀለሙ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይጠራ።

እሺ፣ ወደ አልጋው። በመጀመሪያ ነቀዙ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የድሮ ዱቄት አልጋው በተነቃነቀ ቁጥር መፍሰሱ አይቀርም። ስለዚህ አልጋውን በደንብ ያራግፉና ይጥረጉት። ያሉትን ቀዳዳዎች በሙሉ በእስክሪብቶ ይክበቧቸው። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ያንጥፉ። ሳይነቃነቅ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት። ያልተከበበ ቀዳዳ ከታየ፣ ወይም ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ጨርቁ ላይ ከተከመረ፣ አሁንም አሉ።

ካሉ አልጋውን ፈታትተው ነጣ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ በወስፌ ይውጉ። በቀላሉ የሚሰረጎድ ከሆነ ውስጡ አልቋል። ብዙ ጊዜ የተጎዳው አንድ ሁለት ርብራብ ወይም የጎን ጣውላው አንድ ዳር ብቻ ነው። እሱን ቆርጦ ጠቆር ባለው የመሐል እንጨት መተካት ከሁሉም የሚሻል መፍትሔ ነው ብዬ አምናለሁ። የምግቡ ምንጭ አብሮ ይወጣልና። የተቆረጠው ወደ እሳት ይግባ፤ ግቢ ውስጥ እንዳይቀመጥ።

ነጣ ያለው ክፍል ደኅና ሆኖ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ከፈለጉ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው ያንሱ። እንጨቱ እርቃኑን ሲሆን የቦሮን ጨው፣ ማለትም ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ያለበት የእንጨት መከላከያ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠው ደጋግመው ይቀቡት። ቦሮን ለሰው ከብዙዎቹ ፀረ ነፍሳት ያነሰ ጉዳት አለው። ያም ሆኖ ከሕፃናት ይራቅ፤ ጓንት ይደረግ። በቫርኒሽ ላይ ከተቀባ ዋጋ የለውም፤ አይሰርግም። ጠልቆ ያለችውን እጭ ሁሉ አይደርስባትም፤ ወደ ውጭ ስትወጣ ግን ያገኛታል፤ አዲስ የሚፈለፈሉትንም ይከላከላል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሹን መልሱ።

ቫርኒሽ ሲባል አንድ ነገር አደራ። ከላይ ብቻ አይደለም። እናት ነቀዝ የተደፈነ ቱቦ ውስጥ እንቁላል መጣል አትችልም። ብዙ እንጨት ቤቶች ግን የሚታየውን ፊት አሳምረው ሥሩን፣ ጀርባውንና መጋጠሚያውን ባዶ ይተዉታል። እሷ የምትመጣው በዚያ ነው። የርብራቡ ሥርና የእግሩ ጫፍ ሳይቀር ይቀባ።

ትናንሽ የእንጨት ዕቃዎች ከተጠቁ ሙቀት ይሠራል። ማማሰያ ወይም ሙቀጫ ዘነዘና ከሆነ የፈላ ውኃ ውስጥ ውስጡ ድረስ እስኪሞቅ ማቆየት ነው። ለዓለም አቀፍ ንግድ የሚላኩ የእንጨት ማሸጊያዎች ውስጣቸው 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ልኬት ለግምት ይረዳዎታል። ዋናው የገጹ ሳይሆን የመሐሉ ሙቀት ነው።

ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ለምን አይሆንም? ጠልቆ አይገባም። ሽታው መኝታ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል። እሳትም ይጋብዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር ግንድ የሚቀቡ አሉ፤ ሰው ለሚተኛበት ነገር ግን በፍጹም አይሆንም። ማላታዮን የሚባለው ፀረ ተባይም ፍራሽ አጠገብ አይረጭ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። ለእህል የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩ እርጥበት ብቻ ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል፤ ልዩ ማርከሻ የለውም። በአንድ ክፍል የተቀመጠ በጎን ባለው ክፍል ሊደርስ ይችላል። ማንም ቢመክርዎ እምቢ ይበሉ።

ሌላ ዕቃ ሲያሠሩስ? ለአናጺው ጥድ ወይም ዝግባ ብቻ ሥራ ማለት አይቻልም። እነዚህ ዛፎች፣ ዋንዛም ጭምር፣ የተመናመኑ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። እርስዎ ቤት ያለው ዋንዛ ሊጠገን እየቻለ እንዲጣል የማልፈልገውም ለዚህ ነው። የሚቻለው እንጨቱን መምረጥ ነው። ነጣ ያለው ዳር እንዲቆረጥ አስቀድመው ይስማሙ። ትንሽ እንጨት ይባክናል፤ ዋጋም ይጨምራል፤ ግን ያዋጣል።

ጥርጣሬ ካለም በራስዎ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ከፋርማሲ አዮዲን ይግዙ፤ ለቁስል የሚሆነውን። የጣውላው ጫፍ አዲስ ይቆረጥና ይለስልስ። ነጣ ባለው ክፍል ላይ አዮዲን ጠብ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ ማለት ነው፤ ነቀዟ ትወደዋለች። ቢጫ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ስታርቹ አልቋል። አናጺው ሱቅ ውስጥ ይህን ጠርሙስ ቢይዝ በየቀኑ ይጠቅመዋል።

ስታርቹን ማስጨረስም ይቻላል። ግንዱን ከነቅርፊቱ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ይረዳል። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥና ቆሞ እንዲደርቅ ማድረግም ያው ነው፤ ራሱ ምግቡን ይጨርሳል። ሽመል ወይም ቀርከሃ ለሚጠቀሙ ደግሞ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። ቀርከሃን የምታጠቃው ዳይኖደረስ የምትባል የሊክተስ ዘመድ ናት፤ እሷም የምትፈልገው ያንኑ ስታርች ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ጥቁሩን ጨርቅ ቶሎ አያንሱት። እንጨቱ ውስጥ የቀረች እጭ ካለች ለመውጣት ጊዜ ትፈልጋለች፤ በጎንደር ቅዝቃዜ ደግሞ ያ ጊዜ ይረዝማል። አንድ ሁለት ቀዳዳ በተከታዩ የሙቀት ወራት ቢከፈት አይደንግጡ፤ ይክበቧቸውና ቦሮኑን እዚያ ላይ ይድገሙት። አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ ቀዳዳም አዲስ ዱቄትም ካልታየ አልጋው ነጻ ሆኗል። ያኔ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ማጣበቂያና በዱቄቱ ለውሰው ይድፈኗቸው፤ በላዩ ቫርኒሽ ይቀቡ።